ካባው አፋፍ ላይ ያለው ቤት

ሚያዝያ 6

...እና ሰው ሁሉ ሲስቅ አባባ ብቻ አልሳቁም። ከዓመታት በፊት ቢቸና፣ አባባ ሰፈር ስብሰባ ላይ፣ ሰብሳቢው «እዚህ ካባ ይከፈታል» ብሎ ነበር። ድንጋይ ማውጫ ማለቱ ነው። አባባ ተነሥተው፣ «እኔ ካባ ሲደረብ እንጂ ሲከፈት አላየሁም» አሉ። የቅኔ መምህር ናቸው፣ ሰው ለቀልድ ወሰደው። እኔስ ስቄ ነበር? እንጃ...

ዛሬ ለምን ትዝ አለኝ? ሞጣ ደመና ነው። ሲንጀር ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። አንድ ዩኒፎርም ብቻ ሰፋሁ።

ሚያዝያ 19

ቢቸና ሄጄ መጣሁ። ካባው የአባባ ጓሮ ደርሷል። ድንጋዩ አልቆ ሰዎቹ ሄደዋል፣ ጉድጓዱ ቀርቷል። ግርጌው አረንጓዴ ውኃ አቁሯል። የሰፈሩ ምንጭ ደርቋል። የኋላው ግድግዳ ተሰንጥቋል... ጣቴ ይገባል።

«አባባ፣ ሞጣ እንሂድ። ይሄ ቤት አይከርምም።»

«ክረምቱን አብረን እናየዋለን።»

ከማን ጋር? ከቤቱ ጋር?

ግንቦት 3

አከራዬ እትዬ ዑሙሰልማ ጓሮ ያለችውን ክፍል ለአባባ አስጠረጉ። «አምጪያቸው። ቅኔ ቢዘርፉ ግድ የለኝም፣ ሱቄን እንዳይዘርፉ እንጂ!»

ለአባባ በስልክ ነገርኳቸው። ሳቁ። አልመጡም።

ግንቦት 17

ቢቸና፣ ስብሰባ። ካባውን የከፈተው ድርጅት መሐንዲስ ልኳል። ወጣት ነው፣ ትሑት።

«ከክረምት በፊት ጉድጓዱን አፈር እናለብሰዋለን። ችግኝም እንተክላለን።»

አባባ፣ «አፈር የሚለብሰው ማነው፣ ልጄ?»

«መሬቱ ነዋ፣ አባቴ።»

«እንግዲያ ሞቷል።»

ጎረቤታችን ሀብትነሽ ከኋላ፣ «የኔታ፣ ተዝካሩንም እናውጣለት!» ሳቅ በሳቅ። እኔ ግን አልሳቅኩም።

ሲወጣ መሐንዲሱን ጠየቅኩት። የድሮው አፈርስ? «ያኔ ካባው ሲከፈት ተጠርጎ ገደል ገብቷል።» ታዲያ ከየት ታመጣላችሁ? በአገጩ አሳየኝ... ከአባባ ቤት በላይ ያለውን ተዳፋት።

ሰኔ 2

ተዳፋቱን ልጠውታል። ሣር የለ፣ ሥር የለ። ጉድጓዱ ግን ሞልቶ ችግኝ ተተክሎበታል። ሰው ፎቶ ይነሣል።

«ጎርፍ ሲመጣ ምን ይይዘዋል?» አልኩት መሐንዲሱን።

«ችግኙ ሲያድግ ይይዘዋል፣ እህቴ።»

ሲያድግ።

ሰኔ 11

ሀብትነሽ ደወለች። ያለበሱት አፈር ተንሸራቷል፣ ችግኙም አብሮ። «የኔታ ደህና ናቸው። ግን ነይ።»

ሰኔ 12

ሚኒባስ ተከራይቼ ደረስኩ። ጓሮ የለም። የኋላው ግድግዳ ወደ ጉድጓዱ አዘንብሏል፣ በመሃሉ ሰማይ ይታያል። አባባ ደጃፍ ተቀምጠዋል፣ ጋቢያቸው ጭቃ በጭቃ።

«እንሂድ» አልኳቸው። «እሺ» አሉ። እሺ! አላመንኩም። መጻሕፍታቸውን ጫንን። ሀብትነሽ የአባባን ወንበር ራሷ ላይ አድርጋ፣ «እሰይ፣ የኔታ፣ ከተሜ ሊሆኑ ነው!» አለች። ፈገግ አሉ። እጄን ይዘው እስከ መኪናው መጡ።

ያኔ ከላይ ከተዳፋቱ ድምፅ ተሰማ። ዝናብ አይደለም። ነጎድጓድም አይደለም... የተላጠው መሬት ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

«አባባ፣ ቶሎ ይግቡ!»

«መጣሁ» አሉ፣ ወደ ቤቱ እያዩ። እጄን ለቀቁ። ወደ ቤቱ ተመለሱ፣ ሳይቸኩሉ።

«አባባ!»

በሩ ተዘጋ።