ሐሙስ ሐሙስ የምንዘምረው

ውድ ልጄ፣ ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ በቀር የሚከሰኝ የለም።

ቤተ ክርስቲያን በነጻ ኪቦርድ እንደምጫወት ታውቂያለሽ። አሁን ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ኪቦርዱን ተሸክሜ ሆስፒታል እየሄድኩ፣ ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው የተያዘ ሰዎችን አዘምራለሁ። አንድ ጡረተኛ ሹፌር ስሙን እንኳ መናገር አቅቶት ነበር። መዝሙር ብጀምርለት ግን እስከ መጨረሻው ዘለቀው። ነርሷ፣ «አባባ፣ ለካ ሲያሾፉብን ነው የከረሙት!» ብላ አሳቀችን። ሐኪሙ እንደሚለው አንጎላችን ውስጥ የንግግርና የዜማ ቤታቸው ለየቅል ነው።

እናትሽም ከወር ወዲህ አብራኝ ትመጣለች፤ ከሹፌሩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሁለት ሐሙስ ዝም አለች። በሦስተኛው ግን አዝማቹን ተቀበለችኝ። ድምፅዋ ያው የድሮው ነው። ስንጨርስ፣ «ሻይ ላምጣልሽ?» ብላት እጄን ብቻ ያዘችኝ።

የዘንድሮ የዓመት ፈቃድሽን ወደዚህ ብታደርጊው ጥሩ ነበር፤ አየሩ ተስማሚ ነው። እስከዚያው እናትሽን በስልክ ስታገኚያት ጥያቄ አታብዢባት። ልጅ ሳለሽ ያስተማረችሽን መዝሙር ጀምሪላት፤ ትቀበልሻለች።

ጎረቤቱ ሁሉ በሰላምታ ጠይቆሻል። ፈጣሪ በጤና ያቆይሽ።

አባትሽ