ከገመዱ ወዲህ

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ግንቦት 10

ይድረስ ሩቅ ሆና ቤቷን ለምትጠብቀው ውድ ባለቤቴ፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ? የምታስታምሚያቸው አዛውንትስ እንዴት ናቸው? እኛ ደህና ነን። እኔ ብቻ ድምፄ ተዘግቶ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ እያልኩ ነው። ያልደወልኩልሽም ለዚህ ነው። ድምፄን የበላው ግን ደስታ ስለሆነ አትዘኚልኝ።

ልጅሽ ውድድሩን ጨረሰች! ከመጀመሪያው ቀስ ብዬ ልንገርሽ ብዬ ነበር፤ አላስቻለኝም።

ያለፉትን ሁለት የተራራ ብስክሌት ውድድሮች አቋርጣ መውጣቷን ታውቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው “ግማሽ መንገድ” የሚል ስም አወጣላት። በሱቁ በር ባለፈች ቁጥር “ግማሽ መንገድ፣ ዛሬስ እስከ የት ነው?” ይላታል። እሷ ትስቅለትና ቤት ስትገባ ክፍሏን ትዘጋለች። ዓርብ ዕለት ብስክሌቷን እየወለወለች፣ “አባዬ፣ ነገም ካልጨረስኩ ይቺን ብስክሌት ለሚጋልባት ሰው እሰጣታለሁ” አለችኝ። ቀልድ አልነበረም። አንቺ የላክሽላትን ብስክሌት! እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ነጋ።

ልብስ ሰፊውም ሱቁን ዘግቶ ተከተለን። ቦታው ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ ጫካማ ኮረብታ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ያንኑ መንገድ ደጋግመው ይዞሩታል፤ ሽቅብ ነው፣ ቁልቁል ነው፣ የዛፍ ሥር ነው፣ ድንጋይ ነው። ተመልካቹ ከገመድ ወዲህ ይቆማል። እኛ ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ድንጋያማ ቦታ ላይ ቆምን።

“ያቺ ናት?” ይላል ልብስ ሰፊው፣ አንዷ ባለፈች ቁጥር። “ሁሉም ጭቃ ሆነው በምን ልለያት!”

እኔ ግን በአቀማመጧ እለያት ነበር። በመጨረሻው ዙር ከመሃለኞቹ ጋር ስትወርድ ለልብስ ሰፊው በጣቴ አሳየሁት። ወዲያው “ቀጭ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። መቼም የጋራዥ ሰው አይደለሁ? ሳላይ አወቅሁት። የብስክሌቷ ካቴና ተበጥሶ እፊቴ ቆመች።

ታውቂኛለሽ፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ ከኪሴ ፒንሳ አግኝተሽ ስቀሽብኛል። ፒንሳዬን መዘዝኩና አንድ እግሬን ከገመዱ አሻግሬ፣ “አምጪው!” አልኳት።

“አባዬ፣ እንዳትነካ! ከነካህ ያስወጡኛል!”

ለካ ደንቡ እንደዚያ ነው። የሚረዷት ከታች በተከለለው የጥገና ቦታ ብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ የሰው እጅ ከገባበት አለቀ። አሰልጣኟ ጠዋት ነግራኝ ነበር አሉ፤ እኔ ዓይኔ ኮረብታው ላይ ሆኖ ጆሮዬም አብሮት ሄዷል። ልብስ ሰፊው የኮቴን ጫፍ ይዞ ጎትቶ መለሰኝ።

ስንቱን መኪና ያስነሳሁ ሰውዬ፣ ልጄ አንዲት ካቴና አቅታት ቆሜ አየሁ። እጄ አልታዘዝ ሲለኝ ከጀርባዬ አድርጌ አንዱን ባንዱ ያዝኩት። ከኮርቻዋ ሥር ካለችው ቦርሳ መፍቻዋን አወጣች። ካቴናውን የምታገናኘው ትንሽ ብረት ጭቃው ውስጥ ወደቀችባት። የት እንደወደቀች አይቻለሁ እኮ! መናገርም ይከለከል እንደሆን አላወቅሁምና አፌን ያዝኩ። ጭቃውን ዳብሳ አገኘቻት። ያን ጊዜ የታችኛውን ከንፈሯን ነከስ አደረገች፤ መርፌ ላይ ክር ስታስገቢ እንደምትነክሺው። ሌሎቹ ባጠገቧ እየተምዘገዘጉ ያልፋሉ።

አንድ ጊዜ ብቻ ቀና አለች። ልትለምነኝ መስሎኝ ነበር። መኖሬን አየችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ካቴናው ገጠመ! ተፈናጥጣ ስትሄድ ልብስ ሰፊው “ሂጂ የኔ አንበሳ!” ብሎ ባርኔጣውን ወረወረው፤ ዛፍ ላይ ቀረ። እኔም ድምፄን የጣልኩት እዚያው ነው። ስትገባ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች፤ ሽልማት የለ፣ ፎቶ አንሺ የለ። አንደኛ የወጣችውን ልጅ አባት አጠገቤ አየሁት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከኔ በላይ አልኮራም። ልጅሽ ተጠምጥማብኝ ንጹሑን ሸሚዜን በቅባት ለወሰችው። ቅባት ከሌላ ሰው ወደ እኔ ሲጋባ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ልብስ ሰፊው ራሱ መጥቶ የተቀደደ ሱሪዋን ሊጠግንላት ወሰደ። “ግማሽ መንገድ” ሊል አፉን ከፈተና ዋጠው።

ከትናንት ጀምሮ ግን የማስበው አንቺን ነው። ልጅሽ ስታስል በስልክ ትሰሚያታለሽ፤ ግንባሯን መዳሰስ አትችዪም። እኔ ለጥቂት ደቂቃ አቃተኝ፤ አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት ችለሽዋል። እኮራብሻለሁ። በልጅሽ ከኮራሁት በላይ።

“ልጅቱ አድጋለች፣ ከእንግዲህ ምን አደርግላታለሁ? የሥራ ውሌን ላድሰው ይሆን?” ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ የሚጠግንላት ሰው አያስፈልጋትም። ቀና ስትል የምታየው ሰው ግን ያስፈልጋታል። እኔ ምንም አልልም፤ ውሳኔው ያንቺ ነው። እጄን መሰብሰብ ትናንት ተምሬያለሁ።

ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፤ የሰው ሕመም የሚያስታምመውን እጅሽን ይባርክልሽ።

ዘይታሙ ባልሽ

ልረሳው ነበር፦ ቀጣዩ ውድድር መስከረም ላይ ነው፣ እዚያው ኮረብታ። ስንመለስ የቆምንበትን ቦታ ዞሬ አየሁት። ልብስ ሰፊው ባርኔጣው ካለበት ዛፍ ሥር ከቆመልን፣ ከገመዱ ወዲህ ያለው ቦታ ለሁለት ሰው ይበቃል።