ታናሽ እህትሽ አዳሪ አትገባም

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፦ የሰማዩ ጌታ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም መሰላል ካልወጣሁ አያስቸግረኝም። አናጢ ግን መሰላል ካልወጣ ምን ይበላል?

እህትሽን አዳሪ ትምህርት ቤት እናስገባት ያልሽውን አሰብኩበት። ጥቅሙን በአንቺ አይቻለሁ፤ ሥርዓትም እውቀትም ይዘሽ ወጥተሻል፣ አልክድም። ግን ለእረፍት ስትመጪ በገዛ ቤትሽ ቁምሳጥን ለመክፈት ፈቃድ ትጠይቂ ነበር። እናትሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ልጄ እንግዳ ሆነችብኝ" ብላ ጓዳ ገብታ አልቅሳለች። እህትሽ እናቷን ያጣችው ገና አምና ነው፤ አሁን ደግሞ ቤቷን ላሳጣት?

አክስትሽ፣ "ወንድሜ፣ ብቸኝነቱን ፈርተህ ነው እንጂ ለእሷ አስበህ አይደለም!" አለችኝ። ጸሎት ላይ ሆኜ ልቤን ብመረምረው ግማሹ እውነት ነው። ስለዚህ ልጅቷን ራሷን ጠየቅኳት። "እዚያ የሚያንኮራፋ ከሌለ እሄዳለሁ" ብላ ሳቀችብኝ። ቆየት ብላ ግን ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ፣ "አባዬ፣ አሁን አይሁን" አለችኝ።

እንግዲህ አትሄድም፤ ቆርጫለሁ። እዚያ አስጠኚ አለ፣ እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ፤ የሂሳብ ትምህርቷ ደግሞ ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ስለዚህ እባክሽ ልጄ፣ ለትምህርት ቤቱ ክፍያ ልትልኪ ያሰብሽውን ገንዘብ ተዪውና ቅዳሜ ቅዳሜ እየደወልሽ አስጠኚልኝ። ክፍልፋይ ላይ የቀረሁት እኔም ከጎኗ እቀመጣለሁ።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ቅዳሜን እንጠብቃለን።

አባትሽ