ባዶው መሳቢያ

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣ ቢቸና

ጤናሽ እንዴት ነው? የእናታችን ጉልበትስ የዘንድሮውን ብርድ ቻለላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ በሰውነቴ ማለቴ ነው። ስልክ ያልደወልሁት ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥ ብቻ አይደለም፤ ድምፅሽን እየሰማሁ የምደፍረው ነገር ስላልሆነ ነው። ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ስርጉት የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ምሳ ሳታበይ እንዳትሸኛት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ጤና ጣቢያ የወሊድ መከላከያ የሚወስዱ የገጠር ሴቶች ካርዳቸውን ቤት አያስገቡም፤ ባል ያየዋል፣ አማት ታየዋለች። ስለዚህ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ያኖሩትና በገበያ ቀን ሲመጡ እያወጣሁ አያቸዋለሁ። ባለፈው ወር ከበላይ ደብዳቤ መጣ። ኃላፊያችን አቶ ይታያል ሰብስቦ አነበበልን። ከእንግዲህ ባሏ የፈረመበት ወረቀት ከቀበሌ ያላመጣች ሴት አገልግሎት አታገኝም፤ የነባሮቹም ካርድ ለቀበሌ ይላክና ባሎቻቸው እየተጠሩ ይፈርሙ ይላል። የዛሬ አምስት ዓመት በወር ስልሳ መከላከያ ወሳጅ ሴት ካልሞላችሁ ግምገማ ላይ እንገናኛለን ይለን የነበረው ይኸው ሰው ነው። ምን ያድርግ፣ ያኔም ዛሬም የተላከለትን ነው የሚያነብ።

በገበያ ቀን ባንቺዓለም የምትባል የስድስት ልጆች እናት መጣች። ክንዷ ላይ የተቀበረው መከላከያ ጊዜው አልፎ ነበርና እንድቀይርላት ፈለገች። ወረቀት አምጪ፣ ደንብ ነው አልኋት። ያን ጊዜ ስታደርጊልኝ ማንን አስፈቅደሽ ነበር አለችኝ። ባሌን አልጠየቅሽው፣ እኔንም በቅጡ አልጠየቅሽኝ፤ አሁን ፈቃድ ከየት መጣ ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

እህቴ፣ እሷ ስትናገር የታየኝ ያንቺ ክንድ ነው። ሰኔ ሠላሳ ነበር። ልትጠይቂኝ መጥተሻል፤ እኔ ደግሞ ከዕቅዴ አንድ ሴት ጎድሎኛል። ሠርግሽ ደርሷል፣ ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ይጠቅምሻል አልሁሽ። እስከ ነገ ላስብበት አልሽኝ። ነገ ለእኔ ሐምሌ አንድ ነበር፤ አዲስ የበጀት ዓመት፣ አዲስ ዕቅድ። እጅሽን ይዤ አስተኛሁሽና ክንድሽ ላይ ቀበርሁት። ታላቅሽ ነኝና አልተከራከርሽኝም።

ዓመት ሳይሞላው ይውጣልኝ ብለሽ ስትመጪ ጊዜው አልደረሰም ብዬ መለስሁሽ። ማውጣት ሪፖርት ላይ ያስጠይቀን ነበር። ሌላ ጋም ብትሄጂ ያስገባችልሽ ታውጣልሽ አሉሽ፤ በሩ ሁለት ቢሆን ቤቱ አንድ ነው። አማትሽ መካን ናት ብላ ከጠበል ጠበል ስታንከራትትሽ፣ አንቺም ምክንያቱን እያወቅሽ ስትጠመቂ፣ እኔ እዚህ የምስጉን ሠራተኛ ምስክር ወረቀት ተቀብዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልሁ። ጊዜው ሞልቶ ሲወጣልሽ ትዳርሽ ቀድሞ ፈርሶ ነበር። ባልሽ የነበረው ሰው ከሌላ ሴት የወለደውን ልጅ ክርስትና አስነሣ ያሉኝ ዕለት እህል አልወረደልኝም። አንቺ አንድም ቀን ስሜን አላነሣሽም። ብትረግሚኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኞ ካርዶቹን አስረክቢ ተብያለሁ። መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ስም የያዘው ካርዱ ነው። መሳቢያው አሁን ባዶ ነው። ባንቺዓለምንም ትናንት አስጠርቼ፣ ምን እንደምትፈልግ ደግሜ ጠይቄ፣ ያለችኝን አድርጌላታለሁ። ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ መቼም አይሾሙኝም።

ስርጉት ከያዘችልሽ ጋቢ ውስጥ የታሰረ ጥቅል አለ። ሰው የማያየው ቦታ አኑሪልኝ፤ የሴቶቹ አደራ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ካርድ ያንቺው ነው። ብታቃጥይውም ብታስቀምጪውም እንደ ወደድሽ። ግን አስቀድመሽ ፈቃድ በሚለው መስመር ላይ ያለውን ፊርማ እዪው። ስሙ ያንቺ ነው። ጽሕፈቱን ታውቂዋለሽ፤ ልጅ ሆነሽ ፊደል ስትማሪ ከእኔ ደብተር እያየሽ የገለበጥሽው ነው።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። እመ ብርሃን የልብሽን ትስጥሽ፤ የለመንሻትን፣ ለምነሽ የተውሽውንም።

ታላቅ እህትሽ፣ ከሞጣ