ቀይ የተቀባው መስክ

ሰኞ
አባዬ ከሚጽፉት መጽሐፍ ቀና ብለው የቀለሙን ቀንድ አይተው ጮኹ። «አንቺ ልጅ! ለቅዱሳን ስም መጻፊያ የተበጠበጠውን ቀይ ለከብት ሳል ጨረስሽው?»
አልጨረስሁትም። ግማሹን ብቻ ነው።
ምን ላድርግ? ከብት የሚጨርሰው ሳል አገራችን ከገባ ወዲህ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላም ተቀምጠው ማን ብዙ ከብት ሞተበት እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ሐሙስ ከብቱ የት እንደሚሰማራ ይቆርጣሉ። ወደ ታመመው መስክ ከላኩት ቡሬና ዳለቻ አለቁ። ሌላ በሬ የለንም።
ስለዚህ በብራና ቁራጭ አገራችንን ሣልሁ። ብዙ የሞተበት ቀይ፣ ጥቂት የሞተበት ቢጫ፣ ደህናው አረንጓዴ። ሕፃን እንኳ አንዴ አይቶ ይገባዋል።

ማክሰኞ
ሕፃን አልሁ እንጂ ሽማግሌ አላልሁም!
ብራናውን ደጀ ሰላም ይዤላቸው ስሄድ መምሬ ተክሌ ገልብጠው ያዙት። አያ ደመላሽ «ቤቴን ከላይ ሆኖ ማን አየው?» አሉ። ጭቃ ሹሙ አያ ቸኮል ግን ፊታቸው በራ። ወንዝ ዳር ያለው መስካቸው ብራናው ላይ ደም መስሏል። «ቀይ! እንደ ማርያም ስም!»
ላሞቻቸው ያለቁበት እኮ ነው!
አያ ደመላሽ አኮረፉ። «ለእሱ ቀይ፣ ለእኔ ቢጫ? ምን በደልሁሽ?»
«ቢጫው ይሻላል፣ አያ።»
«ለማን?» አሉኝ።

ረቡዕ
ብሶ አረፈው። አያ ቸኮል መስኬ ተባርኳል፣ የአገሩ ከብት ሁሉ እዚያ ይውረድ ብለዋል። ሌሎቹም እሺ አሉ። ቀይ ማለት ሞት ነው ብዬ ጮኽሁ።
«በየትኛው መጽሐፍ?» አሉ መምሬ።
በየትኛውም አይደለም። ቀዩን ለቅዱሳን ስም በየቀኑ የምበጠብጠው እኔው ነኝ። በእሳቸው ልናደድ በራሴ?
ብራናውን ፍቄ እንደገና ሣልሁት። የታመመው በጥላሸት ጥቁር፣ ደህናው በቀይ። አባዬ የተረፈውን ቀለም ራሳቸው አቀበሉኝ። «ቡሬ ከሞተ በብዕር አናርስም» አሉ።

ሐሙስ
«አሁን ገና መጽሐፍ መሰለ» አሉ መምሬ። ጤነኛው ከብት ሁሉ ወደ ላይኛው አፋፍ፣ ወደ ቀዩ ተነዳ። የሚያስለው እዚያው ወንዝ ዳር ቀረ።
አያ ቸኮል መንገድ ላይ ያዙኝ። «ትናንት ቀይ ነበርሁ!»
«ሳሉ ሲቆም እመልስልዎታለሁ።»

ቅዳሜ
ቡሬን ጠዋት አንዴ አሳለው። ምናልባት አቧራ ነው።
አያ ቸኮል እንቁላል ይዘው መጥተዋል፤ ቢያንስ ደጃፌን ቀይ አድርጊልኝ ይላሉ። ይቆዩ አልኋቸው፣ ቡሬን እያዳመጥሁ ነው።
ይግጣል። ሳሉ እስካሁን አልደገመውም።