የተየብኩት ትእዛዝና ያልገባኝ ፕሮክሲ

ውድ ጋሼ፣

የኔትወርክ ክፍሉን ቁልፍ አስረክበው ከሄዱ ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። እንዴት እንደምጀምር ስለጨነቀኝ ከትናንት ወዲያ የገጠመኝን ላውራዎት፤ ሌላው ራሱ ይመጣል።

እማዬ አንገቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ናሙና ተወስዶላት ነበር። ውጤቱ በሆስፒታሉ ድረ ገጽ ይወጣል ተባልኩ። ጠዋት ቢሮ ገብቼ ስከፍተው በቀይ ጽሑፍ «ይህ ግንኙነት አስተማማኝ አይደለም፤ መረጃዎ ሊሰረቅ ይችላል» አለኝ። ኮሪደር ወጥቼ በስልኬ በራሴ ዳታ ስሞክረው ግን ወለል ብሎ ተከፈተ። «ካንሰር አልተገኘም» ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ። ኮምፒውተሩ ሌባ አለ እያለ ስልኬ የምሥራች ይነግረኛል፤ የትኛውን ልመን? የስልኬ ገጽ የውሸት ቢሆንስ? ሆስፒታሉ ስልክ አያነሳም። እማዬ ደውላ «እህ፣ ምን አሉ?» ስትለኝ «ገና ነው እማ» ብዬ ዋሸኋት።

እርስዎ እንዳስተማሩኝ ከቀላሉ ጀመርኩ። የኮምፒውተሩን ቀንና ሰዓት አየሁ፤ ልክ ነው። ብራውዘሩን ዘግቼ ከፈትኩት፤ ያው ነው። የቢሮው ኢንተርኔት ሁሉ የሚያልፍበትን መካከለኛ ማሽን፣ የፕሮክሲውን አድራሻ ቁጥር በቁጥር አመሳከርኩ፤ ልክ ነው። ፕሮክሲውን ሳጠፋው ደግሞ ጭራሽ ምንም አይከፈትም። በእርስዎ ቦታ የተቀጠረችው ባለሙያ ጋ ደወልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ‹ቀጥል› የሚለውን ተጭነሽ እለፊው።»

«ሌባ አለ እያለኝ?»

«ሌባው እኛው ነን» ብላ ሳቀችና ዘጋችው።

ቃሏ አላስቀምጥ አለኝ። የገጹን ማንነት የሚመሰክረውን ሰርተፊኬት ከፍቼ አየሁ። ስልኬ ላይ ያለውን የፈረመው ለዚህ ሥራ የታወቀ የውጭ ድርጅት ነው። በቢሮው ኮምፒውተር ላይ የፈረመው ግን የእኛው መሥሪያ ቤት! ጊዜውም ከአንድ ቀን በፊት አልፎበታል። ለካ ፕሮክሲው መሃል ገብቶ የታሸገውን ይከፍታል፣ ያያል፣ ከዚያ በራሳችን ማኅተም መልሶ ያሽገዋል። ብራውዘሩ የጮኸው ማኅተሙ ስላረጀ ነው። እውነተኛው የስልኬ ገጽ ነበር።

እማዬ ጋ ደውዬ «ነጻ ነሽ» ስላት እልልታዋ ጆሮዬን ሊቀደው ነበር። ስልኩን ስዘጋው ግን እርስዎን ከሥራ ያስወጣዎት ያ ስብሰባ ትዝ አለኝ።

የግዢ ክፍል ኃላፊዋ «የግል መልእክታችንን የሚያነብ ሌባ!» ብላ ስትጮህብዎት፣ እርስዎ ቀስ ብለው «በጽሑፍ ታዝዤ ነው፤ ደብዳቤው አለ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ «የምን ደብዳቤ?» አለ። ያኔ እርስዎ ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እኔ አቀርቅሬ ቃለ ጉባኤዬን መጻፌን ቀጠልኩ።

ደብዳቤውን የተየብኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። «አስተማማኝ ግንኙነቶች በፕሮክሲው በኩል ተከፍተው እንዲፈተሹ» ይላል። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ይህ ግን ግማሹ እውነት ነው፤ ደብዳቤው መኖሩን አውቅ ነበር። ለምን ዝም አልኩ? ፈርቼ ነው? ወይስ የእኔንም አንብበዋል ብዬ ተቀይሜ? አንዳንዴ ሁለቱም ይመስለኛል፤ አንዳንዴ አንዱም አይመስለኝም።

ትናንት ቀሪውን ቅጂ ከፋይል አውጥቼ በምሳ ሰዓት ሠራተኛው ፊት አነበብኩት። የግዢ ኃላፊዋ ሁለቴ አስደገመችኝ።

«ፊርማው የማን ነው?»

አሳየኋት፤ የሥራ አስኪያጁ ነው። ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እኔ እኮ ሰው ፊት አዋርጃቸዋለሁ» አለችና ምግቧን ትታ ወጣች። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም።»

ሰኞ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት እቀርባለሁ።

የደብዳቤውን ቅጂ ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ፤ እንደፈለጉ ያድርጉት። ይህን የጻፍኩት ይቅርታ ልጠይቅዎት ይሁን ሸክሜን ላራግፍብዎት፣ መለየት አቅቶኛል። ሰኞ ግን ሲጠይቁኝ ስምዎን ጠርቼ የሆነውን ሁሉ እናገራለሁ። ባይመልሱልኝም አልቀየምዎትም።

ያን ቀን አጠገብዎ ተቀምጣ የከዳችዎት፣
ጸሐፊዋ