ጋሪው አዲሱን ጌም ይችል ይሆን?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9፣ 2008። ከቀኑ 9፡30

ክኒን ተውጧል። እግር ሃያ ጊዜ ተነስቷል፣ ሃያ ጊዜ ወርዷል። መብራት አለ። የኬብሏ አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ይሠራል ማለት ነው። እስከ 10 ሰዓት ሥራ የለኝም። ስለዚህ አንቺኑ ላውራሽ ደብተር።

አሥር ሰዓት ላይ እነሳሚ ጌም ቤት ይሰበሰባሉ። ቡድናችን አምስት ሰው ነው። አራቱ እዚያ፣ እኔ እዚህ ከአልጋዬ አጠገብ። ከጌም ቤቱ እስከ መስኮቴ ስድሳ ሜትር የኔትወርክ ኬብል አለ፣ በአጥር ላይ፣ በእንሰቱ መሀል። ከሆ/ል ስወጣ ሳሚ ነው የዘረጋልኝ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ስለሆነ። ከሰው ጋር የሚያገናኘኝ ይሄ ኬብል ብቻ ነው የቀረኝ።

የዛሬው ወሬ፦ በረከት፣ የጌም ቤቱ ባለቤት፣ አዲሱን የተኩስ ጌም አምጥቷል። አዲስ አበባ ሁሉም እሱን ነው የሚጫወተው አሉ። ለግንቦት 20 በሁሉም ማሽን ላይ ይጫናል፣ አሮጌው ይጠፋል። ቻት ላይ ጠየቅኩ፣ ጋሪው ይችለዋል ወይ ብዬ። ጋሪው የእኔ ኮምፒውተር ነው። እነሱ ገብተው መተኮስ ሲጀምሩ እኔ ገና መንገድ ላይ ስለምሆን ያወጡለት ስም። ማንም አልመለሰልኝም።

ካልቻለ ሁለት ነገር ነው። ወይ ብቻዬን እቀራለሁ፣ ወይ እዚያ ሄጄ እጫወታለሁ። እዚያ መሄድ አልችልም። ጌም ቤቱ የማርቆስ ቤት የፊት ክፍል ነው። ማርቆስ ጓደኛዬ ነበር፣ የበረከት ታናሽ። ጥቅምት ላይ እኔ ከምነዳው ሞተር ወድቆ ሞተ። ሲቀበር እኔ ሆ/ል ነበርኩ። አባዬ ሽማግሌ ይዞ ሄደ፣ ተንበረከከ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ታረቁ። እኔ ግን ለቅሶ አልደረስኩም። ሰባት ወር። እናቱ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ናቸው። በእሳቸው ፊት ሳያልፉ ጌም ቤት አይገባም።

እንግዲህ ነገሬ ሁሉ በጋሪው ላይ ነው። ከቻለ እዚሁ እቀመጣለሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 11። ጠዋት

ዝናብ። መብራት ሦስቴ ሄደ፣ ሦስቴ መጣ። በሄደ ቁጥር ልቤ አብሮ ይጠፋል።

ሳሚ ደወለ። ጌሙ ራም 8 ጊጋ ቢሆን ይመርጣል አለ። የእኔ 4 ነው። ግራፊክስ ካርዴም አርጅቷል። ግን ጥራቱን እስከ መጨረሻ ብናወርደው፣ ጥላውን ጭሱን ብናጠፋው፣ ምናልባት። ቅዳሜ መጥቼ እሞክረዋለሁ አለኝ። ምናልባት የምትለዋን ቃል ይዤ ዋልኩ።

ትናንት የእማዬ የጸሎት ቡድን መጥቶ ነበር። እግሬ ላይ እጅ ጫኑ። አሜን አልኩ። ሆ/ል ያለው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በቀደም ምን አለ፣ እግሩስ ድኗል፣ ባለቤቱን ማስነሳት ነው ያቃተን። እማዬ ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም።

እማዬ ዛሬም ስድሳ እርምጃ ነው አለችኝ። ሴትየዋ አይበሉህ። እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ፣ የምፈራው እሱን አይደለም።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 13። 11 ሰዓት

አይችልም።

ሳሚ ሃርድ ዲስክ ይዞ ከምሳ በፊት መጣ። እማዬ ምሳ ስታቀርብ አንተ ብላ፣ እኔ ልጫነው፣ ጊዜ ይፈጃል አለኝ። በክራንች ሳሎን ወጣሁ። ጎመኑን በቆጮ አቀረበች፣ አንድ ጉርሻ እንኳን አልወርድ አለኝ። ጆሮዬ ክፍሌ ውስጥ ነበር። ስመለስ ሁሉን ዘግቶ ገመዱን እየጠቀለለ ነው። አይችለውም አማኒ፣ ሎዲንግ ላይ እያለ ይሞታል። ቀና ብሎ አላየኝም።

እንደገና እንሞክር አልኩ። ጥቅም የለውም አለ። ጥላውን አጥፍተሃል? አጥፍቻለሁ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እዚያ ብትመጣስ፣ ደህና ወንበር እናደርግልሃለን። ውጣልኝ አልኩት። በዚህ ቃል። እናቴ ሰምታለች።

ከሄደ በኋላ አለቀስኩ። ሃያ አራት ዓመቴ ነው፣ ለጌም አለቀስኩ እልሻለሁ። ለማንም እንዳትነግሪ።

እሑድ፣ ግንቦት 14። ከጠዋቱ 4 ሰዓት

ሁሉም ቸርች ሄደዋል። ቤቱ ጭር ብሏል። የድምፅ ማጉያው መዝሙር ከዚህ ይሰማል።

ለምን እንደማልሄድ ልጻፍልሽ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነበር፣ ግን ሆዴን ፈጀው።

በረከት ሆ/ል መጥቶ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ተሰቃየ? ወዲያው ነው አልኩት፣ ገና እንደወደቅን። ፊቱ ላይ ያየሁትን እፎይታ አልረሳውም። ሄዶ ለእናቱ ነገረ። ፓስተሩም በቀብሩ ላይ ተናገረው አሉ። እናቱ እስከ ዛሬ ለለቅሶ ለመጣ ሁሉ፣ ልጄ ሳይሰቃይ ነው ጌታ የወሰደው ይላሉ። እሷን ቃል ይዘው ነው የሚያድሩት።

ውሸት ነው። ከቦዲቲ ስንመለስ ነበር። ዝናብ ጀምሯል፣ እኔ ፈጥኜ ነበር። አህያ ገባችብን፣ ዞርኩ፣ ሞተሩ ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባን። ሞተሩ እግሬ ላይ ነው። ማርቆስ ሁለት ክንድ ያህል ይርቀኛል። ግማሽ ሰዓት ኖረ። አንድ ሚኒባስ አይቶን አለፈ። ማርቆስ ያወራ ነበር።

እሳቸው ፊት ከቆምኩ ይጠይቁኛል። እናት ናቸው፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ፊታቸውን እያየሁ ደግሜ መዋሸት አልችልም። እውነቱን መናገርም አልችልም። ስለዚህ አልሄድም።

መዝሙሩ አለቀ። ሊመጡ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 17። 9 ሰዓት

እንቢ አልኩ። ሳሚ ብቻ ነው እንዴ ኮምፒውተር የሚያውቀው?

ጌም ቤቱ ሁሉንም ጌም የሚያስቀምጥበት ፎልደር በኬብሉ በኩል ለእኔም ክፍት ነው። አዲሱም እዚያ አለ። 18 ጊጋ። ጠዋት መገልበጥ ጀመርኩ። መብራት ጠፋ። እንደገና ከዜሮ። ስምንት ጊጋ ላይ ሲደርስ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ነኝ፣ አሁን 15 ይላል። ትንፋሼን ይዣለሁ። እማዬ ምን ሆነሃል አለችኝ፣ ፈተና ላይ ያለሁ መስሏት።

17። ጌታ ሆይ አታጥፋው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 18። 10፡20

ይችላል! ደብተር፣ ጋሪው ይችላል!

ቀስ ብሎ ይከፍታል፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፣ ግን ይከፍታል። ሁሉን ዝቅ አደረግኩ። ሰዉ ትንሽ ድብልብል ይላል፣ ጭሱ ጭስ አይመስልም። ማን ግድ አለው። ይራመዳል፣ ይተኩሳል። አንድ ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ተለማመድኩ፣ አንዴም አልዘጋብኝም። ሳሚ ምን ነክቶት ነው? ይቅርታ ጠይቄ እስቅበታለሁ። እነሱም ለበዓሉ ቀድመው ጭነውታል፣ አሁን ሊጀምሩ ነው፣ እገባለሁ።

10፡50

ገባሁ። አራቱም ነበሩ፣ ከእነሱ ጋር በእኔ ቦታ የማላውቀው አምስተኛ ሰው። ቻት ላይ ጋሪው ደረሰ ብዬ ጻፍኩ።

ሁሉም ቆሙ። እውነት እልሻለሁ፣ የሁሉም ሰው ስክሪኑ ላይ ባለበት ቆመ። ማንም አንድ ፊደል አልጻፈም። ከዚያ ከጌሙ ተባረሃል የሚል መጣ። ደግሜ ገባሁ። ደግሞ አባረረኝ። ማባረር የሚችለው በረከት ብቻ ነው። ሦስተኛውን ልሞክር ስል አረንጓዴዋ መብራት ጠፋች። መብራት ሄዶ አይደለም፣ ስክሪኔ በርቷል። ከዚያ በኩል ነቅለውታል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ዓርብ፣ ግንቦት 19። ከሰዓት

ሳሚ መጣ። ልቀመጥ አላለም። ሁሉን ነገረኝ።

ቅዳሜ ዕለት ጌሙ እዚሁ ክፍል ተከፍቷል። እኔ ሳሎን ጉርሻ አልወርድ ብሎኝ ስቀመጥ እሱ አይቶታል። ደንብ አድርጎ ይሠራል። ዘጋው፣ አጠፋው። ምክንያቱም በረከት ከዚያ በፊት መልእክት ሰጥቶታል። በአዲሱ ጌም አማኒ የለም፣ ይሄንን ሂድና ንገረው ብሎታል። ሳሚ ፊቴን አይቶ መንገር አቃተው። ማሽኑ ላይ አላከከ። አዝኜልህ ነው ይላል። ብነግርህ ትሰበራለህ ብዬ ነው።

በረከት ያለውን በቃሉ ንገረኝ አልኩት። ወለሉን እያየ ነገረኝ፦ «ለጨዋታ ሲሆን ስድሳ ሜትር ቀረበው፣ ለወንድሜ ለቅሶ ሲሆን ራቀው። አባቱ ተንበርክኳል፣ ይመስገን። ያባት ለቅሶ ግን የልጅ ለቅሶ አይሆንም። እሱ ስቆ የሚጽፈውን ልጆቹ ሲያነቡት እናቴ በረንዳ ላይ ሆና ትሰማለች።»

ይሄንን አላሰብኩም ነበር። ቻት ላይ የምጽፈውን ቀልድ እነሱ ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ይስቃሉ። እሳቸው እዚያው ናቸው። ሰባት ወር።

በረከትን መናደድ ፈለግኩ፣ ምንም አጣሁበት። በሳሚ ላይ ግን ጮኽኩ። ስድስት ቀን ሙሉ ራም ነው፣ ካርዱ ነው እያልኩ ስቃጠል አንተ ታውቅ ነበር! ሰው ለምን እንደተጠላ እንኳን ሳያውቅ ይቀመጥ? ማነህና ነው የምችለውንና የማልችለውን የምትወስንልኝ?

ከአፌ የወጣው ቃል ለራሴም ነበር።

እኔም ያደረግሁት ይሄንኑ ነው። አዝኜላቸው። ይሰበራሉ ብዬ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 20። ከጠዋቱ 2፡30

በዓል ነው። ስታዲየሙ በኩል ድምፅ ማጉያው ከንጋት ጀምሮ ያንባርቃል። የአንድ ለአምስቱ ሰብሳቢ መጥቶ አባዬን ለሰልፍ ወሰደው።

እሄዳለሁ አልኳት እማዬን። ያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። ፓስተሩን ልጥራ አለች፣ ቢያንስ ሁለት ሽማግሌ። አይሆንም አልኩ። ስኳር እንኳን ልግዛና ይዘህ ግባ። እሱም አይሆንም። በሩ ድረስ ብቻ አብራኝ ትመጣለች።

የግራውን ጫማ ከሰባት ወር በኋላ አደረግኩት። እግሬ አብጧል፣ ጠበበኝ። ምን እንደምል አዘጋጅቼ ነበር፣ አሁን አንዱንም አላስታውሰውም። በረከት በር ላይ ቢመልሰኝስ? እሱንም አላውቅም።

የዚያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ሄጃለሁ።

የማርቆስ እናት በረንዳው ላይ ጎመን ይከትፋሉ። አዩኝ፣ አልተነሱም። ወግ ነው፣ ለቅሶ ደራሽ ሲገባ ያለቅሳል። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም። ወንበር በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። ጎመኑን እያዩ፣ በወላይትኛ፣ «ምነው ልጄ፣ እኔ ምን አደረግሁህ?» አሉኝ።

ሌላ ቃል ጠብቄ ነበር። እርግማን ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከውስጥ የጌሙ ተኩስ ይሰማል። ከዚያ ራሳቸው ጀመሩ። መቼም ጌታ ይመስገን፣ ሳይሰቃይ ነው አሉ። አንገቴን ነቅንቄ ዝም ብል ያልፍ ነበር። እንኳን ጌታ አተረፈህ ይሉኝና ወደ ቤቴ እመለስ ነበር፣ ምናልባት ኬብሉም ይቀጠል ነበር።

አይደለም አልኩ። ግማሽ ሰዓት ኖሯል። ለበረከት የነገርኩት ውሸት ነው።

በረከት የጌም ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፣ መቼ እንደወጣ አላየሁም። ከውስጥ ያለው ተኩስ ቆመ። አንድ ሰው አጠፋው መሰለኝ።

«ተናገረ?» አሉ።

እርስዎን ጠራ አልኩ። ደጋግሞ። ሌላ ሰው አልጠራም።

«አንተስ ምን አልከው?»

እየመጣች ነው አልኩት።

ቢላዋውን አስቀመጡ። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ሁለቱንም፣ ቀስ ብለው። «አልመጣሁም» አሉ።

በረከት መጥቶ ክንዴን ያዘኝ። ሊመታኝ መሰለኝ፣ ይገባኛልም ብዬ ነበር። ክራንቼን አነሳና አስያዘኝ። ለዛሬ ይበቃል፣ ሂድ አለ። ፊቱ አመድ ሆኗል። በር ላይ ስደርስ ድምፃቸውን ሰማሁ። «ነገ ና። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። ምንም እንዳታስቀር።»

ደህና ነገር አደረግሁ ብዬ አልዋሽሽም። አንዲት እናት ይዘው የሚያድሩትን ቃል ቀማኋቸው። ዛሬ እንዴት እንደሚያድሩ አላውቅም። እማዬ ምን አሉህ ትላለች፣ አልነገርኳትም። ስለ ጌሙ ማንም አላነሳም፣ እኔም።

ነገ ከቸርች በኋላ እሄዳለሁ። እንዳላስቀር አሁኑኑ ልጻፈው። ከቦዲቲ ስንነሳ ፀሐይ ነበር። ማርቆስ ከኋላዬ ተቀምጦ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ ያወራ ነበር።